የአማካይ ተጫዋች የሙያ ዘመን፦ ለጎንደር ታዳጊዎችና ለወላጆቻቸው የተዘጋጀ ማብራሪያ

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ፣ ጎንደር ላይ ገንኖ የተነሣው የአጥቂው የሙጂብ ቃሲም ስም ነበር። ግብ ይቆጠራልና፣ ያስቆጠረውም በስሙ ይመዘገብለታልና ይህ አያስገርምም። ሆኖም ግቡ ከመቆጠሩ በፊት ኳሷን ከተጋጣሚ እግር ማን እንደነጠቃት፣ ማን ፊቱን አዙሮ ወደፊት እንዳሻገራት የሚመዘግብ ሰው በአገራችን ሜዳዎች ብዙ ጊዜ አይገኝም። በድግስ ቤት እንግዳው ወጡን ያመሰግናል እንጂ ማዕዱን በሥርዓት ያዳረሰውን አሳላፊ የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው፤ የአማካይ ተጫዋች ዕጣም ይኸው ነው።

ጉዳዩ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማብራሪያ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን የተጫዋቹን ገቢ፣ የዝውውር ዕድሉንና የሙያ ዘመኑን ርዝመት በቀጥታ ይነካል። አጥቂ ስለ ችሎታው ሲጠየቅ የግቦቹን ብዛት ይጠራል፤ ግብ ጠባቂም መረቡ ሳይደፈር የወጣባቸውን ጨዋታዎች ይቆጥራል። አማካይ እንዲህ ያለ ቀላል ቁጥር የለውም። ስለዚህ ከማንኛውም ተጫዋች ይልቅ የተሟላ መዝገብና በጥንቃቄ የተጻፈ ውል የሚያስፈልገው እርሱ ነው፤ ልጆቻቸውን ወደ ሜዳ የሚልኩ የጎንደር ወላጆችም ይህን አስቀድመው ቢያውቁት እጅግ ይጠቅማቸዋል።

በቅድሚያ ሥራውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መሀል ሜዳ ላይ የሚሰለፉት ሁሉ አንድ ሥራ የላቸውምና። ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመውና በተለምዶ ስድስት ቁጥር የሚባለው የተከላካይ አማካይ፣ የተጋጣሚን ጥቃት ከሥሩ የሚቆርጥና የቡድኑን ኳስ ከኋላ ተቀብሎ የሚያስጀምር ነው። ስምንት ቁጥር የሚባለው ከአንዱ የቅጣት ክልል እስከ ሌላው የሚመላለስ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በሜዳው ላይ ከሁሉም በላይ የሚሮጠው እርሱ ነው፤ በከፍተኛ ደረጃ በሚደረግ ጨዋታ አንድ አማካይ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። አሥር ቁጥር ደግሞ ከአጥቂው ጀርባ በጠባብ ቦታ ኳስ ተቀብሎ የመጨረሻውን ቅብብል የሚያቀብል ነው። ተመልካች በቀላሉ የሚወደው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ አሰልጣኝ አምሽቶ የሚያስብበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቁጥሩን ነው፣ ምክንያቱም እርሱ ቦታውን ከሳተ የተቀሩት አሥሩ ይበተናሉ።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። አጥቂ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ወይም ፊት ለፊት ይጫወታል፤ የመስመር ተጫዋች በአንድ ጎኑ የሜዳው መስመር ስለሚጠብቀው ከዚያ በኩል የሚመጣበት የለም። አማካይ ግን ተጋጣሚ ከአራቱም አቅጣጫ ይመጣበታል። ስለዚህ ኳስ እግሩ ሥር ከመድረሷ በፊት አንገቱን እያዞረ ከኋላውና ከጎኑ ማን እንዳለ ማየት አለበት። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት ይህንን ልማድ ለዓመታት ያጠኑ ሲሆን፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት አዘውትረው ዙሪያቸውን የሚቃኙ ተጫዋቾች ኳስ ወደፊት በማቀበል ረገድ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን አሳይተዋል። በእኔ እምነት ልጁ አማካይ መሆን ይችል እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ወላጅ ኳሷን ትቶ የልጁን አንገት ቢመለከት ይበቃዋል። ኳስ እየገፋ ተጋጣሚን በማለፍ የሚያስደንቅ፣ ግን ዓይኑን ከእግሩ የማያነሣ ልጅ መስመር ላይ ይሻለዋል፤ ብዙም የማይታይ፣ ግን ኳስ ሳትደርሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ዘወር ብሎ የሚያይ ልጅ መሀል ላይ ቢሞከር መልካም ነው።

ይህ ልማድ የሚገነባው በልጅነት፣ ጥቂት ልጆች ሆነው በጠባብ ሜዳ በሚጫወቱበት ጊዜ ነው። በአዘዞም ሆነ በማራኪ ሁለት ድንጋይ ግብ አድርጎ አራት ለአራት የሚጫወት ልጅ፣ በሰፊው ሜዳ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ተሰልፎ ኳስ ከሚጠብቅ እኩያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ኳስ ይነካል፣ ብዙ ጊዜም ይወስናል። በፕሮጀክት ሥልጠና ላይ ያሉ አሰልጣኞች ይህን ያውቁታል፤ የሚቸግራቸው ውጤት ሲጠየቁ ነው። ውጤት የተጠየቀ አሰልጣኝ ቁመቱ የረዘመውንና ሰውነቱ የጠነከረውን ልጅ መሀል ላይ ያቆማል፣ ትንሹንና አስተዋዩን ደግሞ ወደ ተቀያሪ ወንበር ይልካል። ፈረንሳዊው ንጎሎ ካንቴ በቁመቱ ማነስ የተነሣ በታዳጊነቱ ትልልቅ ማሠልጠኛዎች ያልተቀበሉት ተጫዋች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012/13 ገና በፈረንሳይ ሦስተኛ እርከን በቡሎኝ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሌስተር ሲቲ ጋር፣ በ2017 ከቼልሲ ጋር የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ አነሣ፤ በ2018 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫን ወሰደ። ሰውነት በአሥራ ስምንትና በሃያ ዓመት ይደርሳል፤ ማስተዋል ግን በዚያ ዕድሜ ከባዶ ለመገንባት አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዕድሜ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። ልጁ ከእኩዮቹ እንዲበልጥ ተብሎ ዕድሜው ሁለት ሦስት ዓመት ተቀንሶ የሚመዘገብበት አሠራር ለማንም አይጠቅምም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ ኤም አር አይ ምርመራ ሥራ ላይ አውሏል፤ የአንጓው አጥንት የእድገት ክፍል ሙሉ በሙሉ የተጋጠመ ተጫዋች ከውድድሩ ይወጣል። ከዚህም በላይ ጉዳቱ ለአማካይ የባሰ ነው፤ በጉልበት ብልጫ ያሸነፈ ልጅ ቀድሞ የማሰብን ልማድ ሳይማር ያድጋል፣ እውነተኛ እኩዮቹ ዘንድ ሲደርስም የሚቀርለት ነገር አይኖርም።

ከ12 ዓመት ጀምሮ ያለው የምዝገባ ወረቀት ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ከቁም ነገር የማይቆጥረው፣ ዋጋው ግን ትልቅ የሆነ ሰነድ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ተቀንሶ፣ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላሉት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ገንዘብ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። አንድ ልጅ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ 18 እስኪሞላው በአንድ የጎንደር ቡድን ተመዝግቦ ቢጫወትና በኋላ በ200,000 ዶላር ወደ ውጭ ቢሸጥ፣ የቡድኑ ድርሻ 2 በመቶ፣ ማለትም 4,000 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለአንድ የሰፈር ቡድን የኳስና የመለያ ወጪን ለረጅም ጊዜ የሚሸፍን ነው። ነገር ግን የሚከፈለው ልጁ በፌዴሬሽኑ በኩል በየዓመቱ በስሙ ተመዝግቦ ከተገኘ ብቻ ነው፤ በሰፈር ሰው ምስክርነት ወይም በፎቶግራፍ አይከፈልም። ሌላም ሁኔታ አለ፦ ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ በነፃ ከሄደ የዝውውር ገንዘብ ስለማይኖር ይህ ድርሻም አይኖርም። በአገራችን ብዙ ውሎች የአንድ ወይም የሁለት ዓመት በመሆናቸው ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሱት በነፃ ነው፤ በዚህም አሠልጣኙ ቡድን በመዝገብ ጉድለት ብቻ ሳይሆን በውል አጭርነትም ይጎዳል።

የውል ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የፊፋ ደንብ አንድ የባለሙያ ተጫዋች ውል ቢያንስ እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ እንዲቆይ፣ ቢበዛ ደግሞ ከአምስት ዓመት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ተጫዋቹ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን ጣሪያው ሦስት ዓመት ነው። ወላጅ ይህን ማወቅ ያለበት፣ የ16 ዓመት ልጁን የአምስት ዓመት ውል እንዲያስፈርም ሲጠየቅ እንዳይስማማ ነው። ሌላው ተጫዋቾች አዘውትረው የሚታለሉበት ነጥብ የጤና ምርመራ ነው። ምርመራው ከፊርማ በፊት መደረግ አለበት፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ጸንቶ መቆየቱ በምርመራ ውጤት ላይ እንዲንጠለጠል ማድረግ በደንቡ አይፈቀድም። እንዲሁም ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር ለቀጣዩ ጊዜ መፈራረም ይችላል።

ከገንዘብ አንጻር አስቀድሞ መለየት ያለበት፣ በውሉ ላይ የተጻፈው ደመወዝ ግብር ከመቀነሱ በፊት ያለው ነው ወይስ የተጣራው የሚለው ነው። ከፍተኛው የደመወዝ ገቢ ግብር ምጣኔ 35 በመቶ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቤት ኪራይ የሚሸፍን ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጣሪያ ባለበት ሁሉ ደግሞ ከውል ውጪ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ መምጣቱ አይቀርም። ለተጫዋቹ ይህ ክፍያ ደስ የሚል ይመስላል፤ ነገር ግን ክርክር በተነሣ ዕለት ያልተጻፈው ገንዘብ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የመኖሪያ ቤት አበል፣ የማሸነፊያ ጉርሻ፣ በጉዳት ጊዜ የሕክምና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ሁሉም በውሉ ላይ በቃላት ሰፍሮ ሊነበብ ይገባል። ተጫዋቹም ከፈረመው ውል አንድ ቅጂ በእጁ ሳይዝ ከቢሮ መውጣት የለበትም። ለአማካይ አንድ ተጨማሪ ነገር እጨምራለሁ፦ ጉርሻን ለግብና ግብ ለሆነ ቅብብል ብቻ የሚሰጥ ውል ለአጥቂ የተጻፈ ነው፤ አማካይ በተሰለፈበት ጨዋታ ብዛት የሚታሰብ ጉርሻ ቢጠይቅ ለሥራው የሚስማማው ያ ነው።

ደመወዝ ሲዘገይስ? በፊፋ የዝውውር ደንብ ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በጊዜው ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ ዕዳውን ጠቅሶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶና ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ፈቅዶ፣ በዚያ ውስጥ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ተናዶ ካምፕ ጥሎ የሄደ፣ ደብዳቤ ግን ያልጻፈ ተጫዋች እውነት ይዞ ሊሸነፍ ይችላል። በአገር ውስጥ ያለ ክርክር በፌዴሬሽኑ የፍትሕ አካላት ይታያል፤ ክለቡና ተጫዋቹ የተለያየ አገር ከሆኑ ግን ጉዳዩ ወደ ፊፋ ይሄዳል፣ አቤቱታውም በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሴት ተጫዋቾችን በተመለከተ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከደመወዛቸው ሁለት ሦስተኛው እየተከፈላቸው እንዲሰጣቸው ደንግጓል፤ ይህም በውላቸው ውስጥ ተጽፎ ቢገኝ ይመረጣል።

የሊጉ አካሄድ ራሱ የአማካይን ኑሮ ለውጦታል። ፋሲል ዋንጫውን ባነሣበት ዓመት ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ስለተካሄደ፣ የጎንደር ሕዝብ ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን በአጼ ፋሲለደስ ስታዲየም ተቀምጦ አላየም፤ ይህ ዛሬም የሚያስቆጭ ነገር ነው። ለተጫዋቹ ደግሞ ከቤተሰብ ርቆ ወራትን በሆቴል ማሳለፍ ማለት ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በጎንደር ቀዝቃዛ አየር የለመደ አማካይ፣ ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ወርዶ ያንኑ ያህል ልሩጥ ቢል በሁለተኛው አጋማሽ ይደክማል። ልምድ ያለው አማካይ በእንዲህ ያለ ቀን ሩጫውን ቆጥቦ ኳሷን ያስሮጣል።

በሌላ በኩል በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መተላለፍ መጀመራቸው ለአማካዮች ትልቅ በር ከፍቷል። ቀድሞ ስለ አንድ የጎንደር አማካይ ውጭ አገር ያለ ክለብ የሚያውቀው በወሬ ነበር፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ግን ሙሉውን ማየት ይችላል። ሆኖም ተጫዋቾች ለክለቦች የሚልኩት ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ግብና ድሪብል የተቀነባበረበት የሦስት ደቂቃ ቅንብር ነው። ይህ ለአማካይ አይበጀውም። መልማዮች የሚፈልጉት ኳስ በሌለበት ጊዜ የት እንደሚቆም፣ ቡድኑ ሲነጠቅ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ፣ ሲጫኑት ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ይህም የሚታየው በሙሉ ጨዋታ ነው፤ ያውም ቡድኑ በተሸነፈበት ጨዋታ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ወደ ውጭ የሄዱት አማካዮቻችን መንገድ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከሐዋሳ የተነሣው ሽመልስ በቀለ በቅዱስ ጊዮርጊስ ከተጫወተ በኋላ ግብፅ ውስጥ ፔትሮጄትንና ምስር ለል መቃሳን ጨምሮ ለዓመታት ተጫውቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ብሔራዊ ቡድን አባልም ነበር። ጋቶች ፓኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ቢያመራም ቆይታው አጭር ሆነ። ከፋሲል ከነማው የዋንጫ ቡድን አማካዮች አንዱ የሆነው ሱራፌል ዳኛቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አሜሪካው ላውደን ዩናይትድ ተዛወረ። ከእነዚህ ውስጥ የሽመልስን መንገድ ወጣቶች በጥሞና እንዲያዩት እመክራለሁ፤ በስሙ ከሚገንን ነገር ግን ተጫዋቹን ሳያሰልፍ ከሚያስቀምጥ ክለብ ይልቅ በየሳምንቱ የሚያሰልፍ ክለብ ለአማካይ ይሻላል፣ ምክንያቱም በተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አማካይ በመጨረሻ ደቂቃ ገብቶ ግብ አስቆጥሮ ራሱን ሊያስታውስ የሚችልበት ዕድል እንደ አጥቂ የሰፋ አይደለም።

ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ሌላ አገር ክለብ እንዲዛወር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ፊፋ አይፈቅድም። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ቤት መጥቶ የ15 ዓመት ልጃችሁን ውጭ አገር ለሙከራ ልውሰደው፣ ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል አምጡ ቢል፣ ቤተሰቡ መሬት ከመሸጡ ወይም ከመበደሩ በፊት የሰውየውን የፊፋ ወኪልነት ፈቃድና ከጋባዡ ክለብ የመጣውን ደብዳቤ ይጠይቅ፤ ደብዳቤውንም ለፌዴሬሽኑ አሳይቶ ያረጋግጥ።

ቀሪው የዕድሜ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ለአማካይ ዕድል ያዘነበለችለት ይመስለኛል። በፍጥነቱ የሚኖር የመስመር አጥቂ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙያውም አብሮ ይቀንሳል፤ አማካይ ግን ወደ ኋላ እየወረደ ዕድሜውን ማራዘም ይችላል። ጣሊያናዊው አንድሬያ ፒርሎ በወጣትነቱ ከአጥቂ ጀርባ የሚጫወት ሲሆን፣ ከተከላካዮቹ ፊት እንዲቆም ከተደረገ በኋላ ነው በዓለም ከታወቁት አማካዮች አንዱ የሆነው። ክሮኤሺያዊው ሉካ ሞድሪች እ.ኤ.አ. በ2018 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎንዶርን ሲያሸንፍ 33 ዓመቱ ነበር። ይህን የሚያቋርጠው ጉዳት ነው፤ በተለይም የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናና ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እረፍት ይጠይቃል። ጉልበቱ ያበጠበትን ተጫዋች ወጌሻ አሽቶ በሚቀጥለው ሳምንት ማሰለፍ የብዙ አማካዮችን ዘመን አሳጥሯል። ጎንደር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያላት ከተማ ስለሆነች ጉልበቱ የዞረበት ወጣት መጀመሪያ ወደዚያ ሄዶ መመርመር፣ የምርመራውንም ወረቀት ከውሉ ጋር ማስቀመጥ አለበት፤ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ በኋላ የሚረጋገጠው በዚያ ወረቀት ነው።

ሜዳውን ሲለቅ ከሚጠብቁት ሙያዎች ለአማካይ የሚቀርበው አሰልጣኝነት ነው። ካርሎ አንቸሎቲ፣ ፔፕ ጋርዲዮላ፣ ዲዲዬ ዴሾና ዚነዲን ዚዳን ሁሉም አማካዮች ነበሩ፤ ሁለቱንም የሜዳ ጎን እያየ የኖረ ሰው ለዚህ ሥራ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ይሁንና የተጫዋችነት ስም የአሰልጣኝነት ፈቃድን አይተካም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፈቃድ ከዲ ተነሥቶ በሲ፣ በቢና በኤ አልፎ እስከ ፕሮ የሚደርስ ሲሆን፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማለፍ በመካከሉ በሥራ ላይ የቆዩበትን ጊዜ ማሳየት ያስፈልጋል። በዚህ የተነሣ 35 ዓመት ሞልቶት ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የሚጀምር ሰው ወደ ላይኛው ደረጃ ሲደርስ አርባውን ያልፋል። ገና በሊጉ እየተጫወተ፣ በክረምቱ የእረፍት ጊዜ የመጀመሪያውን ኮርስ የወሰደና በሰፈሩ ያሉ ታዳጊዎችን ያሠለጠነ አማካይ ግን መለያውን ባወለቀበት ዓመት በአንድ ክለብ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሊቀጠር ይችላል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት መኖሩም ለከተማዋ ተጫዋቾች ይህን መንገድ ያቀርብላቸዋል።